የእንቁላል አልጋ

ሰው ሁሉ ሲሰደድ በሌሊት ይወጣል። እኔ የወጣሁት በቀትር ነው። በሌሊት የሚሄድን ሰው ውሻ ይጮኽበታል፤ በጠራራ ፀሐይ አህያ እየነዳ የሚወርደውን ግን ሁሉም ገበያተኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። አህያዋ የአማቴ ነበረች። ሳልጠይቅ ነው የወሰድኳት። ቄሱ ይህን ሲያነቡላችሁ አማቴ ከመደቡ ላይ ብድግ ሲሉ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ይቅርታ አባቴ፤ የሰፈሩን ልጆች አትስረቁ እያልኩ የምቆጣ ሰው ራሴ የሠራሁትን ልደብቅ አልችልም።

ቤታችን በጣልያን ዘመቻ ከተቃጠለ ወዲህ በአማቴ ጎተራ ሥር እንደ አይጥ ተጠግተን እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ባለቤቴ አስካለ ለመውለድ ቀናት ቀርተዋት ነበር። «ቤት አዘጋጅቼ እወስድሻለሁ» አልኳት።

«ለእኔ አታስብ፤ አህያዋን መልስ» አለችኝ። የተሰናበተችኝ በዚህ ነው።

የእኔ ስደት የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እሱም ቁልቁል። አትሳቁ። ባሕር የተሻገረ ሰው አገሩ ስለማይታየው ቀስ በቀስ ይረሳዋል። እኔ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ተቀምጬ፣ ሰማዩ በጠራ ቁጥር፣ ገደላችንን ከነአፋፉ አየዋለሁ። ስንወጣ ሰላይ፣ ስንወርድ ሽፍታ እየተባልን በመሐል የቀረን ሰዎች ነን። በከተማው ለማደር ደግሞ ጣልያኖቹ ፔርሜሶ የሚሉት ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ፔርሜሶ የተገኘ ይታሰራል። እኔ ወረቀቱን ያገኘሁት የእንቁላል መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ሆኜ ስለተቀጠርኩ ነው።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። የሮቢት ተወላጅ፣ ባልቴት፣ ምላሳቸው እንደ አገሩ በርበሬ ነው።

«ደገኛ ነህ?» አሉኝ ገና ከበር።

«አዎን እትዬ።»

«ደገኛ ሲሞቀው ይነጫነጫል። ስለ ሙቀቱ አንድ ቀን ካማረርክ ትወጣለህ። ሙቀቱን እኔ አላመጣሁትም።»

«ስለ ቢምቢው ማማረርስ ይቻላል?»

«ስለ ቢምቢው አብረን እናማርራለን» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ሁሉ ነገር የተገለበጠ አገር ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲገባ ብርድ እንዳይከተለው በር ይዘጋል፤ እዚህ ይከፈታል። ውሃው ሳይጥዱት ይሞቃል። የማሽላ እንጀራቸውን ለምጄዋለሁ፤ የገብስ በሶ ግን በሕልሜ ይመጣብኛል። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የፍየሎቹን ጤና ሳይጠይቁ አይለቁህም። መጀመሪያ ሰነፎች መሰሉኝ። ኋላ ሳየው ችኩሉ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ እንቁላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትላላችሁ። የሮቢት እንቁላል በካሚዮን ነው የሚሄደው። የአካባቢው የቀወት ሴቶች ያመጡት እንቁላል በጭድ ተደርጎ፣ በቅርጫት ተጭኖ፣ አዲሱን መንገድ ይዞ ከገደላችን አፋፍ፣ ጣርማ በር ኬላ ላይ ላሉት የጣልያን መኮንኖች ይወጣል። ሲደርስ ከቅርጫቱ ሥር ቢጫ ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ለጠላት ቁርስ አቀብያለሁ። ይህን ዘልዬ ብጽፍ የቀረውን ማን ያምነኛል?

አንድ ቀን የመጋዘኑ ሹም፣ ካፖ የምንለው፣ ከሣጥኑ አንድ ግራጫ ነገር አወጣ። እንደ ሰፈፍ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እንቁላል የሚተኛበት ዕቃ ነው። ከአገሩ የመጣለት አንድ ብቻ ነበር። «ኮዚ!» አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ማለቱ ነው። ዕቃውን ወስጄ በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

በማግስቱ «የታለ?» አለኝ በአስተርጓሚው በአቶ ተስፋይ አፍ።

ባልዲውን አሳየሁት። ካፖው ጮኸ፣ ባርኔጣውን መሬት ላይ መታ።

«ሰበርከው ይልሃል» አሉ አቶ ተስፋይ። «እናትህን የሚመለከት ነገርም ብሏል፤ እሱን አልተረጉምም።»

«አልሰበርኩትም በሉልኝ። ከምን እንደተሠራህ ንገረኝ አልኩት፤ ነገረኝ። ወረቀት ነው።»

ካፖው እጁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ እንደ ሙቅ የሟሟውን ወረቀት አሻሸ። ከዚያ የእኔን ዕድል የወሰነውን ቃል ተናገረ፤ እንቁላሉን ሳይሰበር ጣርማ በር የሚያደርስ እንዲህ ያለ ዕቃ ከሠራሁ፣ ለሚስቴና ለልጄ ፔርሜሶ ሊፈርም። አስካለ ወንድ መውለዷን አንዲት በርበሬ የምትነግድ የመንደራችን አሮጊት ወርዳ ነግራኝ ነበር። አሮጊትን ማንም አይጠረጥርም፤ ገደሉን እንደ ልቧ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ወረቀት ሞልቶ ነበር። ሳይበተኑ የቀሩ የጣልያን አዋጆች፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በዐረብኛ፣ በጆንያ ታጭቀው ተሰጡን። እንደ ቤት ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ልንረግጣቸው ነው። እትዬ ዘሃራ ሊያግዙኝ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን ከነከሩ በኋላ እሳት እንደ ረገጠ ሰው ዘለው ወጡ።

«የአላህ ስም አለበት! አስተግፊሩላህ!»

በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት ስለገቡ ያን ስም ይለያሉ። የአማርኛውን እኔ አነሣሁ፤ «በእግዚአብሔር ፈቃድ» ብሎ ይጀምራል። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ፊደል የለየሁት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። የተጻፈበት ወረቀት ወድቆ ሳይ አንሥቼ ከግድግዳ ስንጥቅ የምሸጉጥ ሰው ነኝ። እግሬ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ቆረጥን። እኔ በምላጭ አማርኛውን፣ እሳቸው በመቀስ ዐረብኛውን፣ ስሙን ብቻ እያወጣን በቅል ውስጥ አኖርን፤ ቅሉንም ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀልነው። ሥራው አያልቅም። እነዚያ አዋጆች በየመስመሩ እግዜርን ምስክር ይጠሩ ነበር። ልጆች፣ ይህን ያዙ፤ መሐላ የሚያበዛ ሰው ነገሩን ራሱም አላመነበትም።

ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄጄ እንቁላል በእርጥብ ሸክላ ላይ እየተጫንኩ ቅርጹን አወጣሁ፤ የወረቀቱ ውሃ እንዲወጣ ሥሩን በእሾህ በስቼ በእሳት አስተኮስኩት። የመጀመሪያውን አልጋ፣ እትዬ ዘሃራ ስሙን እንዲህ አወጡለት፣ ፀሐይ ላይ ብናሰጣው እንደ አሮጌ ጫማ ተጣመመ። በጥላ አደረቅነው። የማሽላ ሙቅ ጨመርንበት፤ ጠነከረ፤ ግን ምስጥ ሸተተው፣ ምስጡን ዶሮዎቹ ተከተሉት፣ አልጋውንም አብረው ጨረሱት። እንቁላሉን የወለደችው ማሸጊያውን ስትበላ አይቼ ምን ልናገር? ሙቁን ትተን የተከተፈ ቃጫ ጨመርን። አሁን አልጋው በእጅ ሲጎትቱት አይቀደድም። እንቁላል ሞልቼ ከጉልበት ጣልኩት፣ ከወገብ ጣልኩት፤ በአማቴ አህያ ጭኜ በሮቢ ወንዝ ኮረት ላይ አስሮጥኳት። የተሰበረውን መብላት አልችልም፤ ሁዳዴ ነው።

እትዬ ዘሃራ እየጠበሱ ይበሉ ነበር። «የአንተ አለማወቅ አወፈረኝ» አሉኝ። «ጾማችሁ እስኪያልቅ ድረስ እንዳትማር።»

በዚህ መሐል ዘቦች ሰፈሩን ሲፈትሹ ቅሉን አገኙት። ካፖው ፊት ቆምኩ። ቅሉ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ። አቶ ተስፋይ አንድ አንድ እያነሡ አነበቡ።

«እግዚአብሔር። እግዚአብሔር። እግዚአብሔር። ይኼኛው ዐረብኛ ነው፤ ያው እሱ ነው።»

ካፖው የሽፍቶች ምስጢር ነው አለ። ሦስት ጊዜ መጻፉ ሦስት መትረየስ ማለት እንደሆነ ጠየቀ።

«ስሙን ላለመርገጥ ነው ጌታዬ» አልኩ።

«ሌላውንስ?»

«ሌላውን ረገጥነው።»

ከአፌ እንደወጣ ስህተቴን አወቅሁት። ካፖው ቀስ ብሎ ጠየቀ፤ አቶ ተስፋይም ቀስ ብለው ተረጎሙ። «የንጉሣቸውንም ስም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አስካለና ልጁ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥለዋል። ግን አህያ የሰረቀ ሰው ውሸት ሲጨምርበት ከዚያ ወዲያ ልጁን በምን አፉ ይቆጣል?

«እሱንም» አልኩ።

አቶ ተስፋይ አዩኝ። «ልተርጉመው ወይስ መጀመሪያ ውሃ ልጠጣ?»

«ተርጉሙት።»

የእኔ ቃል አንዲት ነበረች፤ የእሳቸው ትርጉም ግን እንደ ተራራ ስብከት ረዘመ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ «በዚህ ሰው አገር ቤት የሚሠራው በእግር በተረገጠ ጭቃ ነው፤ ያልተረገጠ ነገር ቤት አይሆንም» ብለውለት ኖሯል። ካፖው አገጩን አሻሸና ፈረደ፤ ከዛሬ ጀምሮ የንጉሡም የሹማምንቱም ስም ተቆርጦ ይውጣ።

እነዚያን ሁሉ ስናወጣ አዋጁ ወንፊት ሆነ፤ የሚረገጥ ቃል ጠፋ። እትዬ ዘሃራም «ከአላህ ስም ጋር በአንድ ቅል? አላደርገውም!» ብለው የሹማምንቱን ስም ዶሯቸው በታቀፈችበት ገል ውስጥ ጎዘጎዙት። ዶሮዋ ደልቷት ሃያ አንድ ቀን ተኛችበት። ጫጩቶቹ ያለ ፔርሜሶ ወጡ።

የመጀመሪያው ጭነት የወጣ ዕለት ካፖው በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ባለው ስልክ ጣርማ በርን ጠራ። አቶ ተስፋይ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

«ገንፎ ሆኗል ይላሉ።»

«ምኑ?»

«አልጋው። ረጥቦ ፈርሷል፤ እንቁላሉ እርስ በርሱ ተላልቋል። ጉም ነው ይላሉ።»

ጉም! በጉም ውስጥ ተወልጄ፣ በጉም ውስጥ አግብቼ፣ አልጋውን ከድንጋይ፣ ከአህያና ከዶሮ ጋር ስፈትን ጉምን ረሳሁት። ጥቂት ወር ቆላ መቀመጥ አገሬን ከሰውነቴ አጠበው። ካለቀው እንቁላል ይልቅ ያፈርኩት በዚህ ነው። አዲስ ስደተኞች ይህን ስሙኝ፤ አገር የሚረሳው ሲጠሉት ብቻ አይደለም፤ ሥራ ሲበዛም ነው።

ከዚያ ወዲያ ጉሙን ራሴ ሠራሁት። ውሃ በድስት አፍልቼ አልጋውን ከእንፋሎቱ በላይ ሰቀልኩ።

«እንቁላሉን ትተህ አልጋውን ትቀቅላለህ?» አሉ እትዬ ዘሃራ። ቢሆንም መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ የማር ሰም። አቅልጠን በጨርቅ ሥሩንና ጠርዙን ቀባነው። ሙሉ ቀን እንፋሎት ላይ ዋለ፤ አልለሰለሰም። ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው ጭነት ወጣ። ስልኩ ተደወለ። አንድ ብቻ ተሰንጥቋል፤ እሱንም ዘቡ ሲቆጥር በጥፍሩ ሰንጥቆት ነው። ካፖው ፈረመ።

ፔርሜሶውን ከዐሥራ ሁለት የሮቢት እንቁላል ጋር በአልጋው አድርጌ በአሮጊቷ እጅ ላክሁ። እትዬ ዘሃራ ቤቱን አስለቀለቁልኝ። በሳምንቱ አሮጊቷ ብቻዋን ተመለሰች። አልጋው ምንም አልሆነም። በጉድጓዶቹ ውስጥ የገብስ ቆሎ ሞልቷል፤ በአንደኛው ጉድጓድ የተጠቀለለ ክር አለ። የአስካለን ቃል አሮጊቷ እንዳለ ደገመችው።

«እንቁላሉ ሳይሰበር ደርሷል፤ እጅህ ይባረክ። ልጁን ግን ወባ አገር አላወርድም። ወባ ወረቀት አያነብም። ክሩ ቁመቱ ነው። አህያዋን መልስ።»

ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ መጥተው ከበሩ ተቀመጡ። «ልክ ናት» አሉ። «እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ።»

ወደ ላይ መውጫ እንዲፈርምልኝ ካፖውን ለመንኩት። «ይኼ ሰው ከሄደ አልጋውን ማን ይሠራል?» አለ። አሳምሬ መሥራቴ አሰረኝ። አህያዋን በሰው እጅ አልልካትም። አማቴ ይማረሩብኝ፤ ራሴ ነድቼ የምመልሳት ዕዳ ካልቀረችኝ ቆላው ይውጠኛል ብዬ እፈራለሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ዘቦች እንዳያገኙት ምድጃ ውስጥ ክተቱት፤ የእግዜርን ስም ግን አስቀድማችሁ ቆርጣችሁ አውጡ።

ክሩ ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። ልጁ እስካሁን አልፎት አድጓል።

ካሚዮኑ በወጣ ቁጥር ካፖው ስልክ ደውሎ የተሰበረውን ይቆጥራል። እሱ ዞር ሲል አቶ ተስፋይ መነጋገሪያውን ለእኔ ይሰጡኛል። ወዲያ ጫፍ ያለው ዘብ አፉ የእኛ አገር አፍ ነው፤ ስሙን አልጠየቅሁትም።

«ዛሬስ እንዴት ነው?» አልኩት ትናንት።

«ጉም ነው አባባ።»

«ከኬላው በስተ ግራ፣ አፋፉ ላይ፣ ጎተራ ያለው ግቢ ይታይሃል?»

«ጉም ነው አልኩህ እኮ፤ እጄም አይታየኝ።»

«ግድ የለም። እንግዲያው መነጋገሪያውን ወደ ውጭ አዙረው።»

ሳቀብኝ፤ ግን አዞረው። ነፋሱ ሽው ሲል ሰማሁት። ላቤ በስልኩ እጀታ ላይ እየወረደ፣ በረደኝ።