የቀብር ማስታወቂያ ያገድኩበት ቀን

በጥብቅና ያረጀ ሰው የሽፋን ገጽ አያነብም፤ ቢያንስ እኔ አላነብም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ወልቂጤ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ስለ ሬዲዮ ማስታወቂያ አዲስ የወጣ መመሪያ ነው ያልኩትን ወረቀት ከሁለተኛው ገጽ ጀመርኩት። ከዚያ ቴሌግራም ከፍቼ ለደንበኞቻችን በድምፄ አስተላለፍኩ።

ሥራችን ይኸው ነው። እኔና በዕድሜ ልጄ የምትሆን አንዲት ወጣት ጠበቃ፣ በዞኑ ላሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሕግ ሲለወጥ ቀድመን እንነግራለን። ጽሑፍ ስንልክ ማንም ስለማያነብ በድምፅ መላክን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ብልሃቴ ስኮራ ኖሬአለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ የቀብር ማስታወቂያ ያለ ቀበሌ ማስረጃ እንዳታስነግሩ» አልኩ። ወረቀቱ ላይ የሌለውንም ከኪሴ ጨመርኩ፦ «ፈቃዳችሁ ይሰረዛል፤ አልነገረንም እንዳትሉ።» መልሼ ሰማሁትና ድምፄን ወደድኩት።

ረፋዱ ላይ የቡታጅራው ጣቢያ ኃላፊ ደወለች።

«ጋሼ፣ አላህ ይስጥልን። በጊዜ ባይነግሩን ጉድ ሆነን ነበር። አሁን አንዱን መለስነው።»

«ማንን?»

«አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ማር ሊገዛ ገጠር ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ስለሆነ በሬዲዮ ጥሩልኝ አለ። ማስረጃ አምጣ አልነው፤ ቀበሌው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። በሉ ስቱዲዮ ልግባ» ብላ ዘጋች።

ይህን ጊዜ ወጣቷ ጠበቃ ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ አንስታ ሽፋኑን አየች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ረቂቅ ነው። አስተያየት ስጡበት ብለው ነው የላኩት። ገና አልጸደቀም።»

ሰዓቴን አየሁ። ሙስሊሙ አስከሬን አያሳድርም፤ ዙህርም እኔን አይጠብቅም። አንድ ሰው አባቱን ሳይቀብር ሊቀር ነው፣ ያገደውም የእኔ ያማረ ድምፅ ነው። ኃላፊዋ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። የሌላ ሠራተኛ ቁጥር አልያዝኩም። ወጣቷ ለሁሉም እርማት ጻፈች፤ ጽሑፍ ስለሆነ ማንም አላነበበውም።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጥ፣ በውርስ ጉዳይ የቆምኩላት ሴት ትዝ አለችኝና ደወልኩላት።

«ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋህ፣ ጋሼ?»

«ሱቅሽን ትተሽ ሩጪ። የቀብሩን ማስታወቂያ ጠበቃው ልቀቁት ብሏል በያቸው።»

«የከለከለውስ ማነው?»

«እሱም ጠበቃው ነው።»

ሳትቀልድብኝ የማታልፍ ሴት ሳትስቅ ዘጋችው። ያኔ ይበልጥ ፈራሁ።

የቡታጅራው ሬዲዮ እኛ ዘንድ አይሰማም። ሴትዮዋ መልሳ ደወለችና ስልኩን ጣቢያው በር ላይ ካለው ሬዲዮ አስጠጋችልኝ። የሟቹ ስም፣ መንደሩ፣ የታላቁ ልጅ ስም፣ ከዚያም «ያለህበት ሆነህ ከሰማህ ድረስ» ሲል ሰማሁ። ታላቁ ልጅ ግን ይስማ አይስማ ማን ያውቃል?

«የማር ነጋዴ ሬዲዮ ይሰማል?» አልኳት ወጣቷን።

«ሹፌሮች ይሰማሉ» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

የወልቂጤው መስጊድ ለዙህር አዛን ሲያሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔ ክርስቲያኑ ሰውዬ፣ ሶላቱ ትንሽ ይርዘም ብዬ ለመንኩ።

ኃላፊዋ በመጨረሻ ደወለች። ታላቁ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ ሰምቶ፣ አፈሩ መመለስ ሲጀምር ደርሷል። ከታናሹ ጎን ቆሞ በእጁ አፈር አልብሷል። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሽፋኑንም አንብበው ይላኩልን» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ጨርቅ ሻጭዋ ግን እስከ ዛሬ አልማረችኝም። አስፋልቱን ስትሻገር የቀኝ ጫማዋ ተበጥሶ ቦይ ገብቶ፣ በአንድ ባዶ እግሯ ነው ስቱዲዮ የደረሰችው። ጥንዱን ልግዛልሽ ስላት፣ «ግራው ደህና ነው፤ የቀኙን ብቻ አምጣ» ትለኛለች። አንድ እግር ጫማ የሚሸጥልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ቡታጅራ ስሄድም በዚያ ሱቅ በኩል አላልፍም።