በርበሬ የነካው ድርቆሽ

ሰሞኑን ሲኒማ ራስ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ፤ ሽታው ከዚያ ሁሉ ጭስና ግርግር ተለይቶ አፍንጫዬን ያዘው። «ይህን ማን አሰረው?» አልኩት ረዳቱን። «ማሽን ነዋ፣ ፋዘር!» ብሎ ሳቀብኝ። በመርካቶ የቀረው የመጨረሻው ድርቆሽ አሳሪ ፊቱ መቆሙን በምን ይወቅ!

ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ዛሬ ፎቅ በበቀለበት ግቢ፣ እናቴ ሻሼ የምትባል ላም ነበረቻት። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንበላውም የምንለብሰውም ከሻሼ ጡት ነበር። በየኅዳሩ ከሱሉልታ የመጣ ደረቅ ሣር ይራገፍልናል፤ ግቢው ጠባብ ስለሆነ ተጠቅጥቆ ታስሮ ካልተደረደረ እኛም ሻሼም መግቢያ የለንም። ለዚህ ሥራ የሚቀጠረው ጋሽ እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ነበር። የእንጨት ሳጥኑን ተሸክሞ ይመጣና፣ ውስጡ ገብቶ ሣሩን ከመርገጡ በፊት እግሩን ለሶላት እንደሚታጠብ ሰው አጥርቶ ይታጠባል። «ላም በአፍንጫዋ ነው የምትበላው» ይል ነበር። እኔም ማንም ሳያስተምረኝ ሙያውን በዓይኔ ቀዳሁት፤ ማንበብንም እኮ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ የለቀምኩ ሰው ነኝ።

አንድ ዓመት ጋሽ እንድሪስ ለለቅሶ ወሎ ሄዶ ሳለ፣ ሣሩ ግቢ ተዘርግቶ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። እናቴ ጨነቃትና ከበርበሬ በረንዳ ዘበርጋን አመጣች፤ በርበሬ በጆንያ እየረገጠ የሚያሽግ ጎረምሳ ነው። «እትዬ፣ እኔ የረገጥኩት ተፈቶ አያውቅም!» አለ። እውነቱን ነበር፤ ሳይመሽ ሁሉንም እንደ ድንጋይ አጠንክሮ አሰረው። ሣሩ እንዳይበተን ብሎም ጋሽ እንድሪስ እኛ ጋ ትቶት የሄደውን ሳጥን ውስጡን በራሱ የበርበሬ ጆንያ አልብሶት ነበር።

በማግስቱ ሻሼ አፍንጫዋን ድርቆሹ ውስጥ ሰዳ ግቢውን በሚያናውጥ ድምፅ አነጠሰች። ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳምንቱ ሲጋመስ ግን ሻሼ ሣሩን አልቀምስ እንዳለች ቀረችና የሚስቅ ጠፋ። እናቴ እስሩን እየፈታች ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ አራገፈችው፤ ዝናቡ የመጣው ያኔ ነው። የከተማው ላም አርቢ ሁሉ ሣሩ በስብሶበት ሌላ ድርቆሽ ከየትም ታጣ።

«እንዳይበተን ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ ዘበርጋ ደጃፋችን ቁጢጥ ብሎ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችው እናቴ።

ወተቱ ነጠፈ፤ የገና በዓል ሳይደርስ ሻሼን ሥጋ ነጋዴ አንገቷ ላይ ገመድ አስገብቶ ወሰዳት። ጋሽ እንድሪስ ምንም ሳይሰማ ከወሎ ተመልሶ ግቢ ገባ፤ እንደ ልማዱ እግሩን ታጠበና «ሣሩስ?» አለ። ባዶውን በረት ሲያይ እርጥብ እግሩን ጫማው ውስጥ መልሶ ከተተ።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ላም አልገዛችም። እኔ አድጌ በገዛ እጄ ሳጥን ሠራሁ፤ አናጢዎች እየመጡ መጋጠሚያውን ይደባብሱት ነበር። የሰፈሩን ድርቆሽ ሁሉ እግሬን እየታጠብኩ ረግጫለሁ፤ እኔ ያሰርኩትን አሽትታ ፊቷን ያዞረች ላም የለችም። ይህን የሚመሰክርልኝም አልቀረም፤ ሰዎቹ ሞቱ፣ ላሞቹም ከመርካቶ ወጡ፣ በረቱ ሁሉ ሱቅ ሆነ።

ከአይሱዙው ተለይቼ ቤቴ ስገባ ሳጥኔን ፈልጌ አየሁት። ተከራዬ የላስቲክ ጫማ ሞልቶበታል።