ሰባት ጊዜ የታጠበው ሰሌን

ትናንት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ገና ሳይጨልም ርችቱ ተጀመረና፣ ሰንጋ ተራ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ያሰጣሁት ልብስ ሁሉ ባሩድ ባሩድ ሸተተ። እሱን ስሰበስብ ከጎን ቤት አንድ ውሻ ሲያላዝን፣ አንዲት ልጅም "አይዞህ፣ በቃ አይዞህ" ስትለው ሰማሁ። ልብሱን እንደታቀፍኩ ቁጭ አልኩ። እኛ ካዛንቺስ ሳለን አይዞህ የውሻችን ስም ነበር።

አባቴ ነው ኡራኤል አጠገብ ከቦይ አውጥቶ ያመጣው። በዚያ ዝናብ ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ እስከ ቤት ድረስ "አይዞህ፣ አይዞህ" እያለው ስለመጣ ቡችላው ስሜ ይሄ ነው ብሎ ቁርጡን አወቀ። እኔና ወንድሜ ጃክ ልንለው ብዙ ደከምን፤ ዞር ብሎም አላየን። አይዞህ ሲባል ግን የትም ይሁን የት ጅራቱን እየቆላ ከች ይላል። አንዴማ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ሐዘንተኛውን "አይዞህ" ሲል የተጠራ መስሎት፣ ለቀስተኛውን እየረጋገጠ ድንኳኑ መሀል ገብቶ እናቴን መግቢያ አሳጣት።

ይህ ሁሉ ድፍረቱ ግን ርችት እስኪሰማ ነው። አንድ ዓመት ከበላያችን ካለው ትልቅ ሆቴል ርችት ሲተኮስ ደንብሮ ጠፋና በሦስተኛው ቀን ኦሎምፒያ ታክሲ መቆሚያ አጠገብ እግሩን መኪና ገጭቶት አገኘነው። አባቴ ዳግመኛ ከወጣ በሕይወት አይመለስም ስላለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜን ሲገባ ለአዲስ ልብስ መጓጓቱ ቀርቶ ርችቱን እፈራ ጀመር።

ዋዜማው ደረሰ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግን፣ አይዞህን አልጋ ሥር ከተትነውና እኔና ወንድሜ በሆዳችን ተኝተን "አይዞህ፣ አይዞህ" እንለው ጀመር። ምስኪኑ እየተንቀጠቀጠ ተስቦ ይወጣል፣ ርችቱ ይጮኻል፣ ተመልሶ ይገባል፤ እኛም "አይዞህ" እንላለን፣ እሱም ይወጣል። በመጨረሻ በሩን ሲቧጥጥ ጥፍሩ ደማ፤ የኛ በር ደግሞ በአንድ ማጠፊያ የቆመ በር ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው እትዬ ዘሃራ ብቅ አሉ። ከግቢያችን በር አጠገብ ቅመምና እህል የሚቸረችሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ውሻ ሲያዩ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚያልፉ። አይዞህም ጠባያቸውን ስለሚያውቅ ሰላምታውን በሩቁ ጅራቱን ቆልቶ ይጨርስ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመው ትንሽ አዳመጡን።

"ልጆቼ፣ ስሙን እኮ ነው የምትጠሩት። ና የተባለ ይመስለዋል፤ ምን ያድርግ?" አሉን። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ "እኔ ቤት ጓዳ አስገቡት፤ መስኮት የለውም" አሉ።

እናቴ ደንግጣ፣ ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ እንዴት ይሆንልዎታል ብላ ተከራከረች። እትዬ ዘሃራ "ውሃ አለ፣ አፈርም አለ" ብለው መንገዱን መሩን።

ጓዳው በጆንያ የታጨቀ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ነበር። ሰሌናቸውን አነጠፉልንና ያቺን ቃል እንዳንተነፍስ አስጠነቀቁን። እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ልቡ መዳፌን ይመታኛል። እሳቸው ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውን በሰፌድ ምስር ያበጥራሉ። ሾ፣ ሾ ሲል ሲል ልቡ እየረጋ ሄደና አይዞህ እንቅልፍ ወሰደው። እኔም አብሬው ተኛሁ።

በበዓሉ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ እኔና ወንድሜ በአዲስ ልብሳችን ውሃ እናመላልሳለን። በእትዬ ዘሃራ ሃይማኖት ውሻ የነካው ሰሌን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ ነበረበት። እኔ ሰባት ሞላ ስል ወንድሜ ገና ስድስት ነው ብሎ ስላምታታን እትዬ ዘሃራ እየሳቁ እንደገና ከአንድ ጀመሩ። አይዞህ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ሰሌኑ ተነጠፈለት፣ በየዓመቱም ታጠበ።

ግቢው ፈርሷል። እትዬ ዘሃራም ልጃቸው ጋ ከተማው ዳር ሄደው እዚያው አረፉ፤ ማረፋቸውን የሰማሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ትናንት የጎን ቤቷን ልጅ በር አንኳኳሁ። ሦስት ዓመት በግድግዳ ተለያይተን ስንኖር ስሟን አላውቅም። ውሻው እግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። መጋረጃውን ዝጊ፣ ሬዲዮ ክፈቺ፣ አጠገቡ ዝም ብለሽ ተቀመጪ አልኳት። አመሰገነችኝና፣ "የኔ ቤት ሁሉም መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። እርስዎ ጋ ጸጥ ይል ይሆን?" አለችኝ።

የኔ መኝታ ቤት ወደ ውስጥ ነው፤ ጸጥ ይላል። ለበዓል ያነጠፍኩት አዲስ ምንጣፍ ግን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እንግዳ አለብኝ ብዬ ዋሸኋትና ገብቼ በሬን ዘጋሁ፤ ውሻው ርችቱ እስኪያልቅ በግድግዳው ማዶ ሲያለቅስ ሰማሁት።