ለአጋዘን የሚሆን ጥይት

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ላይ የጎረቤቴን በግ ሚኒባስ ገጨው። ቢላዋ ይዤ እንድደርስ ተላከብኝ። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ወንድ የጠፋ ይመስል እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጉልበቴ ቁልቁለት አይወድም፤ ቢሆንም ወረድኩ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩት። የበጉ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ነፍስ ነበረው?" አለችኝ። ነበረው አልኳት፤ እውነትም ነበረው። ሳይታረድ ቢሞት በክት ነው፤ ለውሻ እንጂ ለሰው አይሆንም። ዳገቱን እያረፍኩ ስመለስ ግን ጥያቄዋ አብሮኝ ወጣ። በጎረምሳነቴ ይህንኑ ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበር።

ጠያቂው አባቴ ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር፤ ቁስቋም ዳገት ላይ ሁለት ክፍል ቤት ነበረው፤ ከጠመንጃውና ከድሮ ጓደኞቹ በቀር የሚመካበት ነገር አልነበረውም። ከእነሱ ጋር የሚካኤል ማኅበር ይጠጣ ነበር። በዚያ ዓመት የመደገሱ ተራ ለኅዳር ሚካኤል፣ ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደረሰው። በግ መግዣ አልነበረውም። እሱ ግን ማኅበርተኛው ፊት፣ ዘንድሮ የአጋዘን ሥጋ ነው የማበላችሁ ብሎ ፎከረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሳምንቱ ያልሰማ የሰፈር ሰው አልነበረም።

ያኔ በርካሽ ይገኝ የነበረውን የአደን ፈቃድ አውጥቶ ወደ አርሲ ተራሮች ልንሄድ ስንሰናዳ በጥይት ምርጫ ተጨቃጨቅን። እኔ ገና ሥራ መያዜ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ከፒያሳ ጠመንጃ መሸጫ አፉ እርሳስ የሆነ የአደን ጥይት ገዝቼ መጣሁ። ይህ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ አፉ ይዘረጋል፤ እንስሳው ሳይሰቃይ ባለበት ይወድቃል። አባቴ ያዘጋጀው ድፍኑን የወታደር ጥይት ነበር፤ ጫፉ ሹል፣ ዙሪያው በመዳብ የተለበጠ፣ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው የሚወጣ። ቁስሉ ጠባብ ነው፣ አጋዘኑ ቶሎ አይሞትም ብዬ ተከራከርኩ።

"እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው" አለኝ። "ያንተ ጥይት ሬሳ ነው የሚሰጠኝ። ሬሳ ላይ በስመ አብ ይባላል?"

ቢሆንም የእርሳሱን ጥይት ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ አንገላታን፤ አቧራው በሶአችን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በእግር ወጣን። የኅዳር ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ሳለ፣ ከአስታው ቁጥቋጦ መሀል ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ አጋዘን ብቅ አለ። አባቴ ተኮሰ። አጋዘኑ ሰውነቱ ተንዘፈዘፈና ተሰወረ።

የደሙን ጠብታ ተከትለን እስከ ከሰዓት ድረስ ሄድን። አባቴ ትንፋሽ እያጠረው በየድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ተናድጄበታለሁ፤ ደግሞም አንጀቴን በላው። በመጨረሻ ከአንዲት ሸለቆ ማዶ አገኘነው። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ አፍንጫው ላይ ደም ያዘለ አረፋ አለ። ቢላዋ ይዤ፣ ሸለቆውን ተሻግሬ ልጠጋው ስል ጥቂት ይራመዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ተመልሼ አባቴ አጠገብ ቆምኩ። እሱም ብዙ ካየው በኋላ መዳፉን ዘረጋልኝ።

"ያንተን ጥይት አምጣ።"

"አባባ፣ ማኅበሩስ? ምን ሊያበሏቸው ነው?"

"አምጣ። በእኔ ፉከራ ይሄ ፍጥረት እስከ መቼ ይሰቃይ?"

ሲተኩስ አጋዘኑ ወደቀ፤ ሸለቆውን ተንሸራትቼ ወርጄ ወደ ማዶ ሮጥኩ። አንገቱ ይሞቃል፣ ዓይኑ ተከፍቷል። በስመ አብ ብዬ ቢላዋውን አሳረፍኩበት፤ ደሙ ግን አልፈሰሰም፣ ቆዳውን ቀስ ብሎ አረጠበው እንጂ። ከማዶ የአባቴ ድምፅ መጣ። "ነፍስ ነበረው?"

አባቴ ማንንም ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረ። ነበረው ብል ማኅበሩ ይበላ ነበር፣ አባቴም ቃሉን ይጠብቅ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

"አልነበረውም፣ አባባ" አልኩ።

ጠመንጃውን አነገተ። ከዚያ፣ "እሺ። ና በል፣ ብርድ ይመታሃል" አለኝ። ሥጋውንም ቀንዱንም ለጅብ ትተን ወረድን።

በሚካኤል ዕለት እናቴ ሽሮና ጎመን ሠርታ አቀረበች። ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ አጋዘኑስ ብሎ ጠየቀ። ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

"ሳትኩት" አለ።

ጦር ሠራዊት ውስጥ በተኳሽነቱ ስሙ የሚነሳ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ዓይንህ አርጅቷል፣ ጠመንጃውን ምርኩዝ አድርገው አሉት። አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃውን ከግድግዳው አላወረደውም።

ያንን ለምን እንዳለ ብዙ ዓመት አሰብኩበት። አንዳንዴ እንስሳውን እንዳሰቃየ መናገር አፍሮ ነው እላለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ልጁ እውነት በመናገሩ ድግሱ ቀረ እንዳይባል ነው እላለሁ። በሕይወት ሳለ አልጠየቅኩትም፤ አሁን ማሰቡም ይደክመኛል። ማኅበርተኞቹን አንድ በአንድ ቀብሬያለሁ፤ በየቀብሩ ላይ ልነግራቸው የሚገባ ነገር እንዳለኝ እያሰብኩ አፈር መልሼ ተመልሻለሁ። የመጨረሻው ዘንድሮ አረፈ። ከእንግዲህ አባቴ አልሳተም ብዬ የምነግረው ሰው የለም።