ዋስ ያልተጠራለት ሰው

ጋሽ ስሜነህ አረፉ። የማታውቋቸው ካላችሁ፣ ቡሬ ከእህል ተራው ጀርባ፣ ከበርበሬ መጋዘኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ፊልም ቤት የእሳቸው ነው። ታመው ብዙም አልተኙ። ቀበርናቸው፣ ድንኳን ተጣለ፣ የሕይወት ታሪካቸውም ተነበበ።

ይሄን የምጽፈው በዚያ በተነበበው ነገር የተነሳ ነው። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ትምህርቱንም አስረኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ታገሱኝ።

«በእህልና በበርበሬ ንግድ የታወቁ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ሃይማኖተኛ» ይላል። ውሸት የለበትም። ግን ፊልም የምትል አንዲት ቃልም የለችበት! አንባቢው የወንድማቸው ልጅ አንዱዓለም ነው። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ «ፊልሙስ?» አልኩት።

«ተው እንጂ ወንድሜ፣ ካህናት ተቀምጠዋል። ሙት አታሳማ።»

ካህናቱ ምን ላይ ነው የተቀመጡት? ፊልም ቤቱ አግዳሚ ላይ ነዋ! ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ጋሽ ስሜነህ ፊልሙን ዘግተው፣ አግዳሚውን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ወደ ድንኳኑ ይወስዱ ነበር። «ፊልሙ የትም አይሄድም፤ ሐዘንተኛ ግን ቆሞ አይውልም» ይሉ ነበር። እንግዲህ ያ ያነበበው ጽሑፍ ለአርባቸው ታትሞ ይታደላል አሉ። እንዳለ ከታተመ ጋሽ ስሜነህ በርበሬ ነጋዴ ሆነው ቀሩ ማለት ነው።

ፊልምማ ዛሬ ሁሉም ስልኩ ላይ አለው። እሳቸውም ያውቁት ነበር። «ስልክህ ያሳይሃል እንጂ ይከራከርሃል?» ይላሉ። እሳቸው ዘንድ ሰው የሚመጣው ለክርክሩ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ያበሩና በሩ አጠገብ ካለችው አጭር አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ደንብ አለ፤ ከድሮ ሙግት የወሰዱት ነው። ፊልም የሰደበ ሰው ሰድቦ አይወጣም። «ዋስ ጥራለት!» ይሉታል። ከመሃላችን አንዱ ተነስቶ «ዋሱ እኔ ነኝ» ብሎ ለፊልሙ ይሟገታል። ዋስ ከጠፋ ሰዳቢው ራሱ ዋስ ይሆናል፤ መጀመሪያ ይሟገትለታል፣ ከዚያ ይከሰዋል። ዋስ ያልቆመለት ፊልም እዚያ ቤት ተፈርዶበት አያውቅም።

አንድ ቀን አዲስ የወጣ የአዲስ አበባ ፊልም አየን። እኔ ብድግ አልኩ።

«ይሄ ፊልም አይደለም፣ የሶፋ ማስታወቂያ ነው! የተወነው መኪናው ብቻ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ስሜነህ አልሳቁም።

«ዋስ ጥራለት።»

ማንም አልተነሳም።

«እንግዲያው አንተ ቁም።»

«ጋሼ፣ ምን ብዬ?»

«ምላስህ ለስድብ ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?»

ቆምኩ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ አንዲት ነገር ትዝ አለችኝ። ባልና ሚስቱ ሲጣሉ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ትወለውላለች። «ጠረጴዛው እኮ ንጹሕ ነው» አልኩ። «የምትጠርገው ነገር የላትም። ሴትዮዋን ብቻዋን ትታት መሄድ አቅቷት ነው።»

ጋሽ ስሜነህ ቅኔ ሲያምር እንደሚባለው «ይበል!» አሉ። «በል አሁን ክሰሰው።»

ከሰስኩት። ድምፄ ግን እንደ ቅድሙ አልወጣም።

እሳቸውም ጉድለት ነበረባቸው። ፊልሙ አሮጌ ከሆነ ሚዛናቸው ያጋድላል። አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበራቸው፤ ሽማግሌ ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ልጁን ይጠብቃል፣ ልጁ አይመጣም፣ አለቀ። ስንት ጊዜ አሳዩን! እያንዳንዱን ንግግር ራሳቸው እየተረጎሙ። አንዴ ከካምፓስ የመጣ ተማሪ «ጋሽዬ፣ ሰውዬው ለምን አይደውልለትም?» ብሎ አሳቀን።

«አንተስ ለአባትህ መቼ ደወልክ?» አሉት።

ሳቁ ቀጥ አለ። ተማሪው ዓይኑን ጠረገ። «በርበሬው ነው» አለ። እዚያ ቤት ያለቀሰ ሁሉ በርበሬው ነው ይላል፤ መጋዘኑ ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ ማንም አያጋልጠውም። ጋሽ ስሜነህም «አዎ፣ ዘንድሮ በርትቷል» ብለው አለፉት።

አሁን ወደ አንዱዓለም ልመለስ። ሰድቤዋለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ በልቤ፣ ባጃጅ ተራ ደግሞ በአፌ። ግን ደንብ ደንብ ነው። ለእሱ ዋስ ጠራሁ፣ ማንም አልተነሳም። ስለዚህ እኔው ቆምኩለት።

አግዳሚዎቹን ድንኳኑ ውስጥ የደረደረው አንዱዓለም ነው። ያችን አጭሯን በሩ አጠገብ አደረጋት፣ ልክ እንደ ፊልም ቤቱ። ከሽንዲ የመጡ አንድ ዘመድ ሊቀመጡባት ሲሉ «አይ፣ ጋሼ፣ እዚህ ይሁኑ» ብሎ ወደ ሌላ ወሰዳቸው። ሐዘኑ እስኪያልቅ ባዶዋን ነበረች። ስለ ፊልሙ ማንበብ ፈርቶ ነው እንጂ ያውቃል። ይሄ የዋስነት ቃሌ ነው።

ክሴ ደግሞ ይሄው፦ አንዱዓለም፣ ባዶ አግዳሚ ለማያውቅ ሰው ባዶ አግዳሚ ነው። አርባው ሳይደርስ አንዲት መስመር ጨምር። «ፊልም ያሳዩ ነበር፤ ያየነውንም እንድንሟገትለት ያደርጉን ነበር» በል። ካህናቱም ቢሆኑ ሙግት ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም።

ጋሽ ስሜነህ፣ የባቡር ጣቢያው ፊልም አሁንም ቀርፋፋ ነው እላለሁ። ሞቱ ብዬ ሐሳቤን ብለውጥ አንቱ ራስዎ ይቆጡኛል። አንዱዓለም መስመሯን ቢጨምርም ባይጨምርም እኔ ዋስ ሆኜ ቆሜልዎታለሁ፤ እዚህ ያለ ዋስ አይቀሩም። እዚያ በሰማይም «ዋስ ጥራ» ካሉዎት የእኔን ስም ይጥሩ። ቡሬ ባጃጅ ተራ ነኝ፤ ሁሉም ያውቀኛል። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።