በር ዘግቶ መብላት

ሙሽራ ሆኜ ቆቦ ስገባ አፌ ከእኔ ቀድሞ ነበር የገባው። በተለይ በር ዘግቶ የሚበላ ሰው ካየሁ ማን ይችለኝ! እናቴ ቤት ማዕድ የሚቀርበው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ይጠራል። ውሃ ስንቀዳ ይህንኑ ለመንደሩ ሴቶች ስሰብክ ኖሬያለሁ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

በስልሳ አምስት ዝናቡ ቀረ። ባሌ የቀረችንን አንዲት ጊደር ጎብዬ ገበያ ነድቶ በጥቂት ማሽላ ለውጧት መጣ። በማግስቱ በቀትር፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ብድግ ብዬ በሩን ቀረቀርኩት። የቆቦን ሙቀት ለሚያውቅ ይህ ብቻውን ቅጣት ነው። ቆሎ ሲታኘክ ውጭ ይሰማል ብዬም ንፍሮ ነበር የቀቀልኩት፤ ተንኮሌ እዚህ ድረስ ነው! ላባችንን እየጠረግን በጨለማው እንበላለን።

«ሰው ከመጣ የለንም እንላለን» አለኝ ባሌ በሹክሹክታ።

«የለንም ብለን እኛው እንመልሳለን?» ብዬ ሳቄ መጣ።

በሩ ተንኳኳ። ማኘካችንን አቆምን። አሁንም ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ተደበደበ።

«ኧረ በአላህ! ኧረ ክፈቱ!»

ጎረቤታችን ናት፤ ከብቶቿ አልቀው ባዶ ቤት የቀረች፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሙስሊም ሴት። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ሰማሁና ከፈትኩ።

ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ደፉ ላይ ዘጭ አለች። «በቀትር ተዘግቶ ባይ ጊዜ አለቁ ብዬ እኮ ነው! ከላይ ሰፈር ያሉትም በራቸው እንደተዘጋ ነው የተገኙት።»

«አሞኝ ነው» አልኳት። ንፍሮው ገና አፌ ውስጥ ነበር።

ግንባሬን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች። በዚያው ቅጽበት ዓይኗ ሳህኑ ላይ አረፈና እጇን ሰበሰበች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከፍታችሁ ብሉ፣ እታለም» አለችኝ። «እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ብቻ እንዲህ አታስደንግጡኝ።»

መቃኑን ይዛ ተነሣችና ቀስ እያለች ሄደች። ልጥራት አልኩ፤ የቀረችውን ማሽላ አሰብኩና ተውኩት። አፈርኩ ብል ያንሳል፤ ራሴን ጠላሁት። አጥሯ ጋ ልትደርስ ስትል ሳህኑን አንሥቼ ወደ እሷ ሮጥኩ።

ኮቴዬን ሰምታ ዞር አለች። ሳህኑን እጄ ላይ ስታይ ለሌላ ሰው የማደርሰው መስሏት ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰችና እስካልፍ ቆማ ጠበቀችኝ።