ጠባሳውን ሚዶ መስሎኝ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ከአይከል ስልክ ተደወለልኝ። ፎቶ የሠራሁላቸው አያ ደሴ ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «እናቱ አወቀችው» አሉኝ። የቀረውን ሰምቼ ስልኩን ስዘጋ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፤ እናቴ ፈተና ያለፍኩ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ደስታው ስላልበረደልኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። አሠሪዬ ጋሼ ሞላ ግን «የሁለት ዓመት ሥራ ደግሞ ምን ትዝታ አለው?» ብሎ ስቆብኛል።

ሥራ የጀመርኩት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ባለቀ ሰሞን፣ አራዳ ባለው የጋሼ ሞላ ቪዲዮ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ የሠርግ ፊልም ከፍቶ «ምን ይታይሻል?» አለኝ። ሙሽራው እጁን ባወዛወዘ ቁጥር የእጁ ጠርዝ በቀጫጭን መስመር ይበጣጠሳል። «የማበጠሪያ ጥርስ፣ ሚዶ» አልኩት። ሳቀ። በቤታችን ስሙ ሚዶ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ዲጂታል ካሜራ አንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ያነሳዋል። መጀመሪያ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን መስመር እያለ ይወርዳል፤ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን ይሞላል። የቆመ ሰው ሁለቱ ግማሾች ይገጥሙለታል። የሚንቀሳቀስ ሰው ግን በመሃል ቦታ ስለሚለቅ ሚዶ ይገባበታል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ ሁለቱን ግማሾች ማዋሃድ፣ ወይ አንዱን ጥሎ በቀረው መሥራት። ማዋሃድ ያምራል። መጣል ያደበዝዛል።

አያ ደሴ የመጡት ባለፈው ሐሙስ ነው። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ካሴት አወጡ።

«የሴት ልጄ ሠርግ ነው» አሉ። «ወንድሟ አበጀ እዚህ ውስጥ አለ። ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዶ ወባ ገደለው። እዚያው ቀበሩት። ስልኩም መታወቂያውም እዚያው ቀረ።»

ጋሼ ሞላ ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም።

«እሑድ ለቅሶ ነው። አስከሬን የለን፣ ፎቶ የለን። ምን ይዘን እናልቅስ?»

ቅዳሜ በጠዋት መኪና መሳፈር ነበረባቸው። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። አያ ደሴ ከመሄዳቸው በፊት በጣታቸው ያሳዩኝ አበጀ አንድ ቦታ አይረጋም። እስክስታ ይወርዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ልጆች ያባርራል። በየምስሉ ፊቱ ሚዶ ነው። የቆመው አንዴ ብቻ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ነው። ያኔ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ግን እንደ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አሜን ስለሚል የሚታየው አናቱ ነው።

እስክስታው ላይ ቀና ያለበትን አንድ ምስል መረጥኩ። ሁለቱን ግማሾች አዋሃድኳቸው። የተረፉ መስመሮችን አንድ በአንድ በብሩሽ አጠፋሁ። ግራ ቅንድቡ ላይ የማትለቅ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፤ እሷንም አጠፋኋት። ጋሼ ሞላ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና «አሁንስ ባለሙያ ሆነሻል» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ያን ቀን እራቴን ረሳሁ።

ዓርብ ከሰዓት አያ ደሴ መጡ። ፎቶውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የማን ልጅ ነው?»

ጋሼ ሞላ «ምን ማለትዎ ነው? የርስዎ ነዋ» አለ።

«የኔ ልጅማ ግራ ቅንድቡን በሬ ወግቶታል። የታለ? ምነው፣ የሞተው አንሶ ደግሞ እናንተ ትለውጡብኝ?»

የሚዶ መስመር ሁልጊዜ አግድም ነው። እኔ ያጠፋኋት ሰያፍ ነበረች። ሁለት ዓመት ስሠራ ይህን አውቃለሁ፤ እጄ ግን መስመር ሲያይ ማጥፋት ለምዷል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸው። «ቆሻሻ መስሎኝ ነው፣ አያ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። «በሬው ሲወጋው ስምንት ዓመቱ ነበር» አሉ። «ደሙን በነጠላዋ የያዘችለት እናቱ ናት። ይህን ባሳያት ልጄ አይደለም ብላ ትነሳለች። እኔስ ምን ብዬ እመልሳታለሁ?»

ወንበር አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ካሴቱን እንደገና ገለበጥኩ። በዚህኛው አላዋሃድኩም፤ የተዋሃደ ፊት የሁለት ቅጽበት ቅልቅል ነው። ግማሾቹን ለያይቼ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። «አይደለም» ይላሉ። «እሱም አይደለም። እዚህስ ማን አስቆጣው?» በመጨረሻ ጣታቸው ስክሪኑን ነካ።

«ይኼ ነው። ይኼ አበጀ ነው።»

ሌላውን ግማሽ ጣልኩ። ፊቱ ደብዘዝ አለ። ጠባሳው ግን አለ።

ጋሼ ሞላ ከኋላችን ቆሞ «ይህ ደብዛዛ ፎቶ ከቤታችን መውጣቱ ከተወራ ስማችን ይጠፋል» አለ።

«ጥራቱ ለናንተ ይሁን፣ ጌታው» አሉት። «እኔ ልጄን ይዤ ልሂድ።»

ብሩሹን አልነካሁም። እንዳለ አተምነው። አያ ደሴ ካሴቱ በመጣበት ጨርቅ ጠቅልለው በጉያቸው ያዙት።

ትናንት በስልክ የነገሩኝ ይህን ነው። እናቱ ፎቶውን ስትቀበል መጀመሪያ ጣቷን ቅንድቡ ላይ አሳረፈች። ከዚያ አለቀሰች። እኔ የሮጥኩት በዚህ ነው፤ በሠራሁት ሰው አልቅሶ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሥራው የተማርኩት አንድ ነገር ነው። አግድም ያልሆነ መስመር ካየሁ ፊቱን የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ አልነካም።

አያ ደሴ ስልኩን ሳይዘጉ አንድ አደራ ጨመሩ። ለቅሶ ላይ ብዙ ሰው «እኛም ሠርግ ላይ ጨፍሯል» ብሏቸዋል። «ካሴት ያለው ሁሉ ወዳንቺ ይምጣ በይልኝ» አሉ። እኔም ይኸው እላለሁ። በአይከል ዙሪያ ሠርግ ያስቀረጻችሁ፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን ካሴት አውጡት። ግራ ቅንድቡ ላይ ሰያፍ ጠባሳ ያለው ልጅ ሲጨፍር ካያችሁ አራዳ ይዛችሁልኝ ኑ። ከሰዓት በኋላ አለሁ። የአያ ደሴን ወንበር ከአጠገቤ አላነሳሁትም።